ዘመድ ወይስ ደንበኛ

የወላጆቼን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ከእንግዳ ማረፊያነት ያወጣችው ደግሞ እናቴ ናት። በመካከሉ የከተማው መመሪያ አለ፣ አንድ ተቆጣጣሪ አለ፣ ጣሪያ ያልደረሰ ግድግዳ አለ። ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ይመስላችኋል፤ የእኔ ግን ግማሹ ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ ያ ቤት ያለ እንግዳ ያደረበትን ቀን አላስታውስም። ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ያለበት ከተማ በመሆኑ ከእስቴም፣ ከጋይንትም፣ ከፎገራም ለክርክር የሚመጣ ባላገር ቀጠሮው እስኪደርስ የሚያርፍበት ቤት ይፈልጋል። አባቴ ከአንዱ ጋር በጋብቻ፣ ከሌላው ጋር በአበልጅነት፣ ከቀረው ጋር በገበያ ይተዋወቁ ነበር። በቅሎው ጓሮ ይታሰራል፣ ባለ በቅሎው ሳሎን ይተኛል። አንዳንዴ ከሳሽና ተከሳሽ ሳይነጋገሩ መጥተው ሁለቱም እኛ ቤት ይወርዳሉ። አባቴ በአንድ ማዕድ ያስቀምጧቸዋል። ጠዋት አብረው ወጥተው ሲካሰሱ ይውሉና ማታ አብረው ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ከሳሽ ምስክሩ ቀርቶበት ሲተክዝ፣ ተከሳሹ «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ይመጣልሃል» እያለ ሲያጽናናው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔና እህቴ የምንተኛው እንግዶቹ እግር ሥር ነበር። የራሳችን አልጋ ነበረን፤ ግን አልጋው ላይ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አለበት። ዝናብ የመታው ጋቢ ሽታ፣ የበቅሎዎቹ እግር ድምፅ፣ ስለ ድንበር ስለ ግራር ዛፍ ስለ ጠፋ ወይፈን የሚደረገው የማያልቅ ወሬ፣ ለእኔ እንቅልፍ ማለት ይኸው ነበር። ዛሬም ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ቶሎ አይወስደኝም።

ከዚያ አባቴ ሞቱ። ባላገሩ በሚኒባስ መጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ለመደ። ወንድሞቼ በየአገሩ ተበተኑ፣ እህቴ ባሕር ዳር አግብታ ቀረች። እዚያ ግቢ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እኔ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ የዓለምን ዋና ከተሞች በቃሌ የማውቅ፣ ከደብረ ታቦር ግን ብዙም ያልራቅሁ ሰው ነኝ። እናቴ ማታ ማታ «በር ተንኳኳ» ትለኛለች። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። ነፋስ ነው እላታለሁ። «ነፋስስ ቢሆን ግባ አይባልም?» ትላለች።

እህቴ ይህን ስትሰማ ቆረጠች። ክረምቱ ሲወጣ እናታችንን ባሕር ዳር እንደምትወስድ፣ ቤቱም እንደሚከራይ ነገረችኝ። በእሷ ቤት ሙቀት አለ፣ ሐኪም ቅርብ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ትልቅ ነው። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። በማግስቱ ግን ዶሮዎቿን ለጎረቤት ማደል ጀመረች። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ቤቱ ሰው ካገኘ እናቴ አትሄድም ብዬ አሰብኩ። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ወላጅ አልጋ አያገኝም። ሁለቱን ክፍል ለእንግዳ ላከራይ አልኩ።

ጉዳዩን ለአንድ ባልደረባዬ ሳነሳለት «ፈቃድ አለህ?» አለኝ። ለካስ በቤቱ እንግዳ የሚያሳድር ሁሉ የሚመራበት መመሪያ ወጥቷል። የቤት ባለቤቶች አዳራሽ ተጠርተን ሙሉቀን የሚባል ወጣት ተቆጣጣሪ አስረዳን። ሙሉቀን ትሑት ልጅ ነው፤ ጥብቅነቱ ግን ከትሕትናው ይበልጣል። የእንግዳ ክፍል በሩ ላይ ቁጥር ይኑረው አለ። እሳት ማጥፊያ ይሰቀል፣ ያደረው ሰው መታወቂያው ይመዝገብ፣ የእንግዳው ክፍል ከቤተሰቡ መኖሪያ በግድግዳ ይለይ። የምግብ ፈቃድ ለብቻው ስለሆነ ያለዚያ ለእንግዳ ምንም ማቅረብ አይቻልም። አንድ አዛውንት ከኋላ ተነስተው ዘመድ ቢመጣብንስ ብለው ጠየቁ። ዘመድ ደንበኛ አይደለም፣ አይመዘገብም፣ መመሪያውም አይመለከተውም ሲል መለሰላቸው። አዛውንቱ ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። እኔ ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ቁጥሩን በማግስቱ ለጠፍኩ። አንድና ሁለት ብሎ መጻፍ ስላነሰብኝ፣ ባሕር ዳር ሆቴል እንዳየሁት መቶ አንድ እና መቶ ሁለት አልኩ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ መቶዎቹ ክፍሎች የት እንዳሉ ጠየቀኝ። እናቴ ራሷ ጓሮውን ዞራ ተመለሰች። እሳት ማጥፊያውን ስሰቅል ደግሞ ቀይ ነገር ሳሎን ውስጥ እንዴት ራቁቱን ይሰቀላል ብላ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። አሁን ቤታችን ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚለብሰው እሱ ነው።

ግድግዳው ግን የእኔ ሥራ ነው። አናጺ መጥራት ሲገባኝ ሜትር ይዤ ራሴ ገባሁበት። የአባቴን ሳሎን በቺፕውድ ለሁለት ከፈልኩት፤ አንዱ ግማሽ መቶ አንድ ሆነ፣ በሌላው እኛ ቀረን። ሳቆመው ቺፕውዱ ጣሪያው ጋ አልደረሰም፤ ያረፈውም መስኮቱ መሃል ላይ ነው። መስኮቱ ሲከፈል መክፈቻው በእኛ በኩል ቀረ። እንግዳው አየር ከፈለገ ግድግዳውን አንኳኩቶ ማስከፈት አለበት። የዓለምን ካርታ ሳስተምር የኖርኩ ሰው አንድ ሳሎን አካልዬ ይህን ሠራሁ።

በሐምሌ መጀመሪያ ከወላይታ ሶዶ ባልና ሚስት መጡ። ጋሽ ማቴዎስና ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ። ልጃቸው ቃልኪዳን በነርስነት ልትመረቅ ነው። መታወቂያቸውን መዝግቤ መቶ አንድ አስገባኋቸው። እናቴን አስቀድሜ አስጠንቅቄ ነበር፤ ክፍላቸው አትገቢም፣ ምንም አታቀርቢም፣ ደንበኞች ናቸው። ደንበኛ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከፍሎ የሚያድር ሰው ነው አልኳት። ከፍሎ ካደረ እኛ ምን እናደርግለታለን አለች። ምንም፣ ዝም እንላለን አልኳት።

ዝም ማለቱ እስከ ማታ እንኳ አልቆየም። ወይዘሮ አስቴር ብርዱ ከብዷት ስታስነጥስ እናቴ ከወዲህ ሆና «ይማርሽ» አለች። ከወዲያ «ያኑርልኝ እማማ» ተባለ። በቃ፣ ወሬው ተጀመረ። ቺፕውዱን በመሃል አድርገው ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወላይታ ቅቤና ስለ እኛው የፋርጣ ድንች ሲያወሩ አመሹ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ስንት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ቤት መናገር ሲጀምር እያዳመጥኩ፣ የአንዱን ልጅ የተሳሳተ መልስ ሁሉ ልክ ነው ብዬ አረምኩለት።

ሙሉቀን ለቁጥጥር የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ቁጥሩን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ዳንቴሉን ገልጦ እሳት ማጥፊያውን አየ። ከዚያ መቶ አንድ ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመና ጣሪያ እንደማይነካ ነገረኝ። አየር እንዲገባ ብዬ ነው አልኩት። መልሴ ራሴን እንኳ አሳመነኝ። በዚያች ቅጽበት ከግድግዳው አናት የእናቴ እጅ ብቅ አለ፤ እጁ ላይ ሰሃን፣ ሰሃኑ ላይ ትኩስ የድንች ቅቅል ከነአዋዜው። በወዲያ በኩል በርጩማ ላይ ቆማለች ማለት ነው።

«እንኪ ልጄ፣ ሳይበርድ» አለች።

ወይዘሮ አስቴር ተቆጣጣሪውን ፈርታ አልተንቀሳቀሰችም። ጋሽ ማቴዎስ ጋቢውን ተከናንቦ ጣሪያ ያያል። እኔም ደርቄ ቀረሁ። ሰሃኑ ከላይ መወዛወዝ ሲጀምር ሙሉቀን ተንጠራርቶ ተቀበለና፣ ልማድ ሆኖበት «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«የወንድ ድምፅ ነው» አለች እናቴ። «ቆይ፣ ሌላም አለ።»

ሙሉቀን ሰሃኑን እንደያዘ ስለ ምግብ ፈቃድ አስረዳኝ። እናቴ ዞራ መጥታ ድንች ምግብ እንዳልሆነ፣ ምግብ የሚባለው በእንጀራ የሚበላው እንደሆነ ነገረችው። መመሪያው እንዲህ አይልም አላት። የጻፈው ሰው የት አገር ነው ብላ ጠየቀችው። በመጨረሻ ለዛሬ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ሁለተኛ ካየ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ቤቱም ይዘጋል። ሲወጣ እናቴ አንድ ድንች በእጁ አስያዘችው። ላለመቀበል እየተግደረደረ ይዞት ሄደ።

እኔ ግን ተናደድኩ። ቤቱ ከተዘጋ እህቴ መጥታ እንደምትወስዳት በግልጽ ነገርኳት። እናቴ በርጩማውን ወደ ቦታው መልሳ ተቀመጠችበት። «ባሕር ዳርስ ለማን ነው የምቀቅለው?» አለችኝ።

የምርቃቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከተማው ሞልቶ ፈሰሰ። አልጋ የያዘ ሰው እንደ ባለሥልጣን ይታያል። ዝናቡ ሲያጣድፈው የግቢያችን በር ተንኳኳ። ነፋስ አልነበረም። ሙሉቀን ራሱ ነው፤ ከኋላው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት አሉ። ወላጆቹ ናቸው፣ ከእስቴ የመጡ። ታናሽ ወንድሙ ነገ ይመረቃል። ሙሉቀን ራሱ የሚኖረው ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። ጫማውን እያየ መቶ ሁለት ተይዛ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባዶ ናት አልኩት። የአባቱን መታወቂያ ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለሌላው ያልተዛነፈ ለእኔም አይዛነፍ አለ። ልጁን በዚያች ሰዓት ወደድኩት።

አባቱ አያ ይግዛው ስማቸው ሲጻፍ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሙሉቀን በለሆሳስ አስረዳቸው። አያ ይግዛው ሰምተው ሲጨርሱ ዱላቸውን አነሱ።

«እኔ ከሰው ቤት ገብቼ በኪራይ አድሬ አላውቅም» አሉ። «አሁን በሽምግልናዬ አልጀምርም።»

ወጥተው በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ በዝናቡ ተቀመጡ። ሚስታቸው ምንም ሳይናገሩ ተከትለው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሙሉቀን ለመነ፣ እኔም ለመንኩ፣ በነፃ ይደሩ አልኩ። ያ ይባስ አስቆጣቸው፤ ኪራይ ባለበት ቤት በነፃ ማደር ልመና ነው አሉ። ተጨንቄ እናቴን ጠራሁ። ጃንጥላ ይዛ ወጣች። አልለመነችም፣ አልተከራከረችም። ጃንጥላውን በሁለቱ ላይ ዘርግታ ቆመች።

«አንቱ፣ አገርዎ ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«እስቴ።»

«እስቴ ሰፊ ነው።»

ከመካነ ኢየሱስ በላይ እንደሆነ ተናገሩ። የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቀች። እንዲህ ሆኖ የዘር ቆጠራው ተጀመረ። አያ ይግዛው አባታቸውን፣ አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን እየጠሩ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እናቴም በራሷ በኩል እንዲሁ ሄደች። አንድ ቄስ ላይ ሊገናኙ ምንም ሳይቀራቸው ቄሱ ልጅ ሳይወልዱ መሞታቸው ታወቀ፤ ሁለቱም ከልባቸው አዘኑ። በሌላ መንገድ ጀመሩ፤ ያኛውም ጎጃም ተሻግሮ ጠፋ። ዝናቡ ያጣድፈዋል። ሙሉቀን መዝገቡን ብብቱ ሥር ይዞ አንዴ እናቴን አንዴ አባቱን ያያል፤ አንዲት አክስቱን ከጎን አስታውሶ ሲያቀርብ ሰማሁት። የመመሪያው ተቆጣጣሪ ዘመድ ፍለጋ ገብቷል። እኔም በልቤ የሞቱትን ሁሉ ተነሱልን እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱም ደክሟቸው ዝም ሲሉ እስካሁን ያልተናገሩት አሮጊት ቀና አሉ።

«ብሪቱ የሚሏት አታውቂም?» አሉ። «ወደ ፋርጣ የተዳረች፣ ጥርሰ ፍንጭት።»

እናቴ ጃንጥላውን ለቀቀችው። «አያቴ ናት» አለች።

«የእኔ አያት እህት ናት።»

ተቃቀፉ። ጃንጥላው በጭቃው ላይ ተንከባለለ። አያ ይግዛው ዝምድናው በእሳቸው በኩል ሳይሆን በሚስታቸው በኩል በመገኘቱ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር፤ እናቴ አማችም ዘመድ እንደሆነ ስታረጋግጥላቸው ተነሥተው ጋቢያቸውን አራገፉና ገቡ። ሙሉቀን መዝገቡን ገልጦ የአባቱን ስም ሰረዘ።

ወይዘሮ አስቴር ይህን ሁሉ በረንዳው ላይ ቆማ ታይ ኖሯል። እየሳቀች ነው፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም። «እኛ ብቻ ደንበኛ ሆነን ቀረን ማለት ነው እማማ?» አለች። ከሶዶ እስከ ፋርጣ የሚቆጠር ዘር ከየት ይመጣል?

በማግስቱ ከምርቃቱ ሁሉም ወደ ቤት መጣ። ቃልኪዳን ጥቁር ገዋኗን እንደለበሰች፣ የሙሉቀን ወንድም የራሱን እንደለበሰ፣ ሳሎኑ ግማሹ ብቻ ስለቀረ ሰው በሰው ላይ ሆነ። እናቴ ማር በትንሽ ሳህን ይዛ መጣች። አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። በእኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ የራስ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ ማር የተቀባውን ጣት ይጠባና የጡት ልጅ ይሆናል። እኔ ይህን ያየሁት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ወላጅ የሞተበትን አንድ የቆሎ ተማሪ ሲያጠቡ ነበር። እናቴ ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ ወላጆቿ ዞረች።

«አልቀማችሁም» አለቻቸው። «እጋራችኋለሁ እንጂ።»

ወይዘሮ አስቴር በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቃልኪዳን ጎንበስ ብላ የእናቴን ጣት ጠባች። ከመጣ ጀምሮ ሁለት ቃል ያልተናገረው ጋሽ ማቴዎስ ወደ ግድግዳው ዞሮ የእሳት ማጥፊያውን ዳንቴል ሲያስተካክል ብዙ ቆየ። ሙሉቀን አጠገቤ ቆሞ ነበር። መመሪያው ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁት። ዝምድናው በምን እንደመጣ መመሪያው አይጠይቅም አለኝ። ከዚያ መዝገቡን ተቀበለኝና የሁለቱን ስም በቀስታ ሰረዘ። ደንበኛ አልነበረኝም። አንድም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። ዘመድ ዘመድን ይጠራል። ከእስቴ ለሕክምና የሚመጣው ሁሉ የብሪቱ ዘር ሆነ። ቃልኪዳን ሥራ እስኪመደብላት እኛው ጋ ሰነበተች፤ ከእሷ በታች በዩኒቨርሲቲው የሚማሩት የደቡብ ልጆች እሁድ እሁድ ድንች ሊበሉ ይመጣሉ። ቺፕውዱን የሰው ብዛት ገፍቶ ጣለው፤ ማንም መልሶ አላቆመውም። የፈቃዱ ዘመን ሲያልቅ ሙሉቀን ራሱ መጥቶ ላድስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለምን አድሳለሁ አልኩት። ምሳ በልቶ ሄደ።

እህቴ እንዳለችው መስከረም ላይ መጣች። አመሻሽ ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትገባ ሳሎኑ ውስጥ የጋይንት ሰዎች፣ ጓዳው ውስጥ አራስ፣ በረንዳው ላይ ስለ አንድ ድንበር የሚከራከሩ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘች። እናታችን ሳመቻትና ለሌላ ሰው ውሃ ልትሰጥ ሄደች። እህቴ ሻንጣዋን የምታሳርፍበት ቦታ ፈልጋ አጣች። ያደረችው የአንዲት የማታውቃት እናት ሕፃን እግሩን ሆዷ ላይ ጭኖባት ነው።

ጠዋት ጓሮ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ፊቷ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው፤ ግን የተናደደ አይመስልም። ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ እየሰማች እንደተኛች፣ መጨረሻውን ሳትሰማ እንቅልፍ እንደወሰዳት ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፣ «ድንበሩ የማን ሆነ?» ገና አልጨረሱም አልኳት። ባሕር ዳር ስለመሄድ አላነሳችም። ከቁርስ በኋላ ብቻዋን ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። አናቱ ላይ አዲስ ፍራሽ ታስሯል። ሹፌሩ ፍራሹ ከእህቴ የተላከ መሆኑን፣ የምትተኛበት የራሷ እንደሆነ፣ በየወሩ እንደምትመጣና ለማንም እንዳይሰጥ አደራ ማለቷን ነገረን። እናቴ አደራውን በጥሞና ሰማች። ፍራሹን ጥሩ ቦታ መርጣ አስነጠፈች። ከሰዓት በኋላ አንድ የእስቴ ቄስ ለሕክምና መጡና እናቴ እዚያው ላይ አስተኛቻቸው። አደራውስ አልኳት።

«እስክትመጣ ይሙቅላት» አለችኝ።